ዋጋውን ጠየቅን፤ ውፍረቱንስ?

ብረት ከዜና አልጠፋ ብሏል። አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ የጣለችው ቀረጥ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። አገር ቤት ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣው ቆርቆሮና ላሜራም አብሮ ተሰቀለ። ሁላችንም የምናወራው ስለ ዋጋ ነው። እኔ ግን እዚህ ሚኒያፖሊስ ስኖር ሌላ ጥያቄ ተምሬያለሁ፦ ውፍረቱ ስንት ነው?

ለማስተርስ የመጣሁ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሲዳር ሪቨርሳይድ የምሻገረው በአሥረኛው አቬኑ ድልድይ በእግሬ ነበር። ከጎኑ የ35 ደብልዩ አውራ ጎዳና ድልድይ አለ። አዲስ ነው። የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ1967 ተከፍቶ፣ ኦገስት 1 ቀን 2007፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ሰዎች ተጎዱ።

ምርመራውን ያካሄደው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጥፋቱን ያገኘው የድልድዩን ብረቶች መገጣጠሚያቸው ላይ በሚያያይዙት ላሜራዎች ላይ ነው። ጋሴት ይባላሉ። በወሳኞቹ መገጣጠሚያዎች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ መሆን የነበረበት የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። ስህተቱ ከዲዛይኑ ጀምሮ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ድልድዩ ላይ ክብደት ተጨመረ፤ በወደቀበት ዕለት ደግሞ የጥገና ዕቃና ማሽን ተከምሮበት ነበር። ከመውደቁ ዓመታት በፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ ላሜራዎቹ ጎብጠው ይታያሉ። ድልድዩ በየጊዜው ይፈተሽ ነበር እኮ! የመሸከም አቅሙ ሲሰላ ግን ጋሴቶቹ ሒሳቡ ውስጥ አልገቡም። ልክ ናቸው ተብሎ ታመነ፣ በቃ።

ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ የታወቀ በሽታ ነው። አንድ ሰው አንዴ ያስገባው ቁጥር፣ ሁሉም «ያኛው አይቶታል» እያለ ያልፈዋል።

ውፍረት ለምን ይህን ያህል ይወስናል? ብረት ግሎ ተዳምጦ ሲወጣ፣ በተለምዶ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ያለው ወፍራም ላሜራ ለድልድይ፣ ለመርከብ፣ ለነዳጅ ማጠራቀሚያ ይውላል። ሳሳ ያለው ለበርና ለካሶኒ ይሆናል። ቀዝቅዞ እንደገና ሲዳመጥ ይበልጥ ሳስቶና ለስልሶ የመኪና አካልና ፍሪጅ ይሠራበታል። ቀጭኑ ዚንክ ሲለብስ ደግሞ የጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ መጉበጥን የሚቋቋምበት አቅም በግማሽ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ትንሽ የምትመስል ልዩነት ትንሽ አይደለችም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ራሴ ተሳሳትኩ። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ለእናታችን ቤት ሲሠራ የቆርቆሮውን ገንዘብ ላክሁ። 28 ጌጅ ተብሎ ተገዛ። በሁለተኛው ክረምት ነፋሱ ሚስማሩ ዙሪያ ቀደደው። ወንድሜ ደውሎ «ጋሼ፣ ይሄ ቆርቆሮ እኮ ወረቀት ነው» አለኝ። እማዬ አልጋዋን ወደ ጥግ ስባ፣ ከሚያፈሰው ሥር ሳፋ ደቅና ከረመች። እኔ የጠየቅሁት «ስንት ነው?» ብዬ ብቻ ነበር።

ዋጋ ሲሰቀል ደንበኛ እንዳይሸሽ ዋጋውን ይዞ ውፍረቱን መቀነስ ለሻጭ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። ጌጁም ራሱ ያደናግራል። ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል፤ በዚያ ላይ የአሜሪካና የእንግሊዝ የጌጅ ሠንጠረዦች አንድ አይደሉም። ስለዚህ በሚሊሜትር ጠይቁ። ደረሰኙ ላይም ይጻፍ።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 0.4 ሚሊሜትሩ 3.1 ኪሎ ገደማ፣ 0.3 ሚሊሜትሩ 2.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስፋቱ ሲታሰብ የቆርቆሮው ሞገድ ተዘርግቶ መሆን አለበት። አንዱን ቆርቆሮ ሚዛን ላይ ማውጣት ይበቃል።

ይህ ግን ለገዢ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። እዚህ ድልድዩ ከወደቀ በኋላ መንግሥት በሌሎች ድልድዮች ላይም የጋሴት ስሌት እንዲታይ አሳሰበ። ለዚያ 13 ሰው መሞት ነበረበት። አገር ቤትም ውፍረቱ በሚሊሜትር በየቆርቆሮው ላይ እንዲታተም ማስገደድ፣ ገበያ ላይ ያለውንም በናሙና እየለኩ ውጤቱን ለሕዝብ መንገር ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

ገንዘብ የምንልክ ሰዎችም ጥያቄያችንን እንቀይር። በቅርቡ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ጓደኛዬ ሻንጣ ውስጥ ለወንድሜ አንድ ካሊፐር አስቀምጫለሁ። የሚቀጥለውን ቆርቆሮ ሳይለካ አንዲት ብር አልልክም ብየዋለሁ።