ቀለም ብቻውን አያሻግርም

«እግረኛው ራሱ ዘሎ ገባ።» ሰው በመኪና በተገጨ ቁጥር ከሾፌሩ አፍ የምትወጣው ቃል ይህች ናት። ተመልካቹም አምኖ ይቀበላታል፤ የተገጨው ሰው ደግሞ መልስ ለመስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ክርክሩ እዚያው ይዘጋል። እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ እንዲዘጋ አንፈቅድም።

ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው ጎዳና፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአንድ ዜብራ ዳር ቆመን ተመልክተናል። አንዲት እናት ሁለት ተማሪ ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ከነጩ መስመር ጫፍ ቆማለች። የፊተኛው መኪና አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሦስተኛው ጡሩምባውን ነፋባት። በመጨረሻ አንድ ታክሲ ቆመላትና መሻገር ጀመረች። ነገር ግን ከታክሲው ጎን የመጣ ሌላ መኪና፣ ይህ ሰው ለምን ቆመ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ፣ በአፍንጫዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ልጆቿን በደብተር ቦርሳቸው ጎትታ ተመለሰች። ይህች ሴት በዚያች ቅጽበት ተገጭታ ቢሆን ኖሮ፣ እርስዋም «ዘላ ገባች» ልትባል አልነበረምን?

እግረኛ ሁሉ ንጹሕ ነው አንልም። ማቋረጫው ሩቅ ሲሆንበት አጥር ዘልሎ የሚሮጥ ጎልማሳ ሞልቷል። ሆኖም የእግረኛ ጥፋት የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱን ነው፤ የነጂ ጥፋት ግን ሌላውን ይገድላል።

ሒሳቡን እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚገሠግሥ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው ሕፃኑን ዓይቶ እግሩን ከፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ይህ ሁሉ መንገድ ያልቃል፤ ፍሬኑ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጥነቱ 30 ቢሆን በዚያው ሰከንድ የሚሄደው ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። በ50 የሚሮጠው መኪና የተሸከመው ኃይልም በ30 ከሚሮጠው ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ሊሞላ የሚጎድለው ጥቂት ነው። (የፊዚክስ መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩልን እናመሰግናቸዋለን።)

በእንግሊዝ አገር እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረው ማቋረጫ በ1951 እ.ኤ.አ. ሲደነገግ ቀለሙ ብቻውን አልመጣም፤ በመስመሩ ላይ እግሩን ላሳረፈ ሰው መኪና ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያዝ ደንብ አብሮት ወጣ። ደንቡ በእኛም አገር ተጽፎ ይገኛል። በዜብራው ላይ ግን የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው።

«ሕዝባችን ገና ነው፤ ሥርዓት መልመድ ዘመን ይፈልጋል» የሚሉን ሹማምንት አሉ። እንግዲያስ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ ያስታውሱ። በዚያ ቀን በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ሁሉ የግራውን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ተዛወረ። በአንድ ቀን ጎኑን የለወጠ ነጂ፣ ልጅ ልጆቹ ለተማሪ መቆም ያቅታቸዋልን?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጎማው ሳይወድ በግድ ቀስ እንዲል ዜብራው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ሰፊው ጎዳና በመካከሉ ማረፊያ ይኑረው፤ የመብራቱም ጊዜ ባለምርኩዙን ሽማግሌ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርስ ይሁን፤ ቅድሚያ የነፈገ ነጂ ሰው ባይገጭም ይቀጣ።

ይህ በዛ የሚል ሹም ካለ፣ አንድ ጧት መኪናውን አሰናብቶ ያንን ጎዳና በእግሩ ይሻገረው። እኛም በወዲያኛው ዳር ቆመን እንጠብቀዋለን።