በረዶውን ማን ሠራው?



በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት መጻሕፍት በአንደኛው ውስጥ ጃፓናዊው ሂሮሺጌ «የሌሊት በረዶ በካንባራ» በሚል ርእስ ያወጣው ሥዕል ይገኛል። ያላያችሁት ሄዳችሁ እንድትመለከቱት እመክራለሁ። ጊዜው ሌሊት ነው፤ ተራራው፥ የቤቱ ጣራ፥ ዛፉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ሁለት መንገደኞች ጎንበስ ብለው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ሦስተኛው ጃንጥላውን በራሱ ላይ ደፍቶ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ማንም ማንንም አያይም። (ይህ በረዶ እኛ የምናውቀው፥ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፅ የሌለው፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደው አመዳይ ነው።)

ሥዕሉ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ወይም በ1834 ገደማ ነው። ከኤዶ፥ ማለት ከዛሬው ቶኪዮ፥ እስከ ኪዮቶ በሚያደርሰው በቶካይዶ መንገድ ላይ ስለ ነበሩት 53 ማረፊያ ጣቢያዎች ከተሠሩት 55 ሥዕሎች አንዱ ነው። ካንባራ እንዲህ ያለ ከባድ በረዶ እምብዛም የማይጥልበት የባሕር ዳር አገር ነው፤ እኔ ግን ስለዚህ ሠዓሊውን አልወቅሰውም።

ክርክሬ ሌላ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሥዕሉን አይቶ «ይህማ ኅትመት ነው፤ እንጨት ፈልፍሎ ማተም ምን ጥበብ አለው?» አለኝ። በእኔ አስተያየት ጓደኛዬ ተሳስቷል፤ ነገር ግን ሥዕሉን የሚያደንቁትም የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አድርገው ሲያወሩለት ስሕተታቸው ከእርሱ አያንስም።

ሂሮሺጌ የሠራው በቀጭን ወረቀት ላይ የሰፈረውን ንድፍ ነው። ጠራቢው ያንን ወረቀት በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ በግልባጩ ለጥፎ፥ መስመሩን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን እየፈለፈለ ያነሣዋል፤ ንድፉም በዚያው ይጠፋል። ለየቀለሙም ሌላ ሰሌዳ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ አታሚው ቀለሙን በብሩሽ ይቀባል፤ እርጥብ ወረቀት አልብሶም ጀርባውን በቀርከሃ ቅርፊት በተጠቀለለ ማሻ ያሸዋል። የሰማዩን ጥቁረት ቀስ በቀስ የሚያደበዝዘው የእርሱ እጅ ነው፤ ስለዚህም በአንዳንዱ ቅጂ ሰማዩ ከላይ ይጠቁራል፥ በሌላው ደግሞ ከታች፥ በተራራው አጠገብ።

እስቲ አሁን በረዶውን ተመልከቱት። ነጩ ቀለም አይደለም፤ ባዶ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ የቀረው ጠራቢው በዚያ ቦታ የነበረውን እንጨት ፈልፍሎ ስላነሣው ነው። በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ግን የሂሮሺጌ ስም ነው፤ የጠራቢውና የአታሚው የለም።

ደግነቱ፥ ከእነዚሁ ሥዕሎች ጎዩ የተባለውን ጣቢያ በሚያሳየው ላይ፥ በእንግዳ ማረፊያው ቤት ውስጥ በተሰቀሉት ሰሌዳዎች፥ የጠራቢው የጂሮቤይና የአታሚው የሄይቤይ ስም ይገኛል። ሴቶቹ መንገደኞቹን በግድ ሲጎትቱ እያየ የሚስቅ ሰው ሰሌዳውን ላያነብበው ይችላል፤ ቢሆንም ተጽፏል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን የቀረበውን የእንጨት ኅትመት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የነደፍሁት እኔ ነበርሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጨቱን የፈለፈለው፥ አውራ ጣቱንም የቆረጠው ግን ያው «ምን ጥበብ አለው?» ያለኝ ጓደኛዬ ነው። ከሥሩ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነበር። ሲጨበጨብልኝ ዝም አልሁ፤ እርሱም ዝም አለ።

የመጽሔታችን አዘጋጆች የዚያን ሥዕል ፎቶግራፍ በዚህ ዓመት እትም የሚያወጡት ከሆነ፥ የጠራቢውን ስም ከእኔ ስም እንዲያስቀድሙልኝ እለምናለሁ።