ካንዴላው በተለወጠ ቁጥር የሚጠፋው ማስረጃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቐለ የሚዘልቀው አውራ መንገድ የራያን ቆላ ሲያቋርጥ ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን ያገናኛል። በእነዚህ ከተሞች ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሽንኩርትንና ጤፍን ወደ ገበያ ከሚያደርሱት መካከል ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ዋነኛው ነው። የባጃጅ ባለንብረትም ሆነ የቤንዚን አውቶሞቢል ያለው ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ፤ ካንዴላ ይለወጣል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ጥቂት ቆይቶ ያው ሕመም ይመለሳል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚል ነው። ማብራሪያው እውነት የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም ሙሉ አይደለም። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ብልሽት ከካንዴላው ጥራት ይልቅ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነዳጁና ስለ ጥገናው ሥርዓት የሚናገረው ይበዛል። ዋናው ጉድለትም የተበላሸው ዕቃ ለምን እንደ ተበላሸ የሚመረምርና የሚመዘግብ አለመኖሩ ነው።

የካንዴላ ሥራ ቀላል ይመስላል። ከባትሪ ወይም ከማግኔት የሚመጣው ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ በኮይል አማካይነት ወደ አሥር ሺሕዎች ቮልት ከፍ ይልና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የካንዴላ ክፍተት በብልጭታ ይዘላል። ይህ በትክክል እንዲሆን የካንዴላው ጫፍ በግምት ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን የተጠራቀመበትን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ነዳጁን ብልጭታው ሳይደርስ ያቀጣጥላል። ባለአራት ሲሊንደር መኪና አንድ ካንዴላ ቢጠፋበት እየተንገዳገደም ቢሆን ጋራዥ ይደርሳል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው የባጃጅ ሞተር ግን ብልጭታው ሲቋረጥበት ተሳፋሪውን እንደ ጫነ መንገድ ላይ ይቆማል።

ከሞተር የወጣ ካንዴላ ለሚያነበው ሰው ምስክር ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል ወይም የካርቡሬተሩ ልክ ተዛብቷል። ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁረት ከታየበት የፒስተን ፋሻ ማለቁ ይጠረጠራል። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተለበለበ እንደሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ሳለ ብልጭታው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ከካንዴላው ውጭ፣ በኮይሉ፣ በገመዱ ወይም ሲዲአይ በሚባለው ሣጥን መፈለግ ይገባል። እነዚህ አራት ምልክቶች አራት የተለያዩ መድኃኒቶችን ይጠይቃሉ። አዲስ ካንዴላ ግን አራቱንም ለጥቂት ቀናት ይሸፍናቸዋል፤ አሮጌው ሲጣል ማስረጃውም አብሮ ይጣላል።

የራያ ቆላ ሁኔታ ይህን ችግር ያባብሰዋል። በበጋ የሚነሣው አቧራ የአየር ማጣሪያን ቶሎ ያፍናል። በከተማ ውስጥ በአጭር ርቀት ቆም እያለ የሚሠራ ባጃጅ ካንዴላው ራሱን የሚያጸዳበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሊውል ይችላል፤ ያው ባጃጅ ከልክ በላይ ጭኖ በቀትር ሙቀት ረጅም መንገድ ሲሄድ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይገፋል። የከፍታው ልዩነትም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ቆቦ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ስስ አየር ልኩ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው መኪና ወደ ቆቦ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ነዳጁ በአንጻሩ ያንሳል፤ ሞተሩም ይበልጥ ይሞቃል።

ነዳጁ ራሱ ሌላ ተጠርጣሪ ነው። ጦርነትና የመንገድ መዘጋት አቅርቦቱን ባቋረጠባቸው ጊዜያት ቤንዚን ከማደያ ይልቅ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን የኦክቴን መጠኑ ይወርዳል፤ ሲቃጠልም ጥላሸት ያበዛል። ገዢው ግን በጠርሙስ የቀረበለትን ቤንዚን በዓይኑ ዓይቶ ንጹሕ መሆኑን ሊያረጋግጥ አይችልም። በዚህ ዓይነት ነዳጅ ላይ ከሁሉ የተሻለውን ካንዴላ መግጠምም ችግሩን ለሌላ ቀን ከማስተላለፍ አያልፍም።

በገበያው በኩል ያለው ስሕተት ሁልጊዜ ከማጭበርበር የሚመነጭ አይደለም። ካንዴላዎች ሙቀትን በሚያስወግዱበት ፍጥነት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም በዕቃው ላይ በቁጥር ይገለጻል። በኤንጂኬ ምርቶች ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀትን ይበልጥ የሚያስወግድ፣ ማለትም «ቀዝቃዛ» ይሆናል። በቦሽ ምርቶች ላይ ግን አቆጣጠሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው «ሙቅ» ይሆናል። ክሩ ስለ ገጠመ ብቻ ወይም ቁጥሩ ስለ ተቀራረበ ብቻ የተመረጠ ካንዴላ እውነተኛ ምርት ሆኖ ሳለ ሞተሩን ሊጎዳ ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ያለ ደረሰኝ የተገዛ፣ ማሸጊያው የተጣለ፣ አሮጌው ዕቃ ያልተቀመጠለት ሰው መብቱን በምን ያስረዳል?

እዚህ ላይ ጣትን በመካኒኩ ወይም በሹፌሩ ላይ መቀሰር ፍትሐዊ አይሆንም። ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ የሚያስገባ ሹፌር ባጃጁን ለምርመራ ግማሽ ቀን ቢያቆም የሚከስረው ከራሱ እንጀራ ነው። ካንዴላ መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ገቢ ጋር ሲነጻጸር ቀላል መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለውጦ መሄድ ለዕለቱ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ኪሳራው የሚታየው ወሩ ሲደመር ነው፤ ደመራውን የሚሠራ ግን የለም። «በደንብ አስመርምሩ» የሚለው ምክርም ይህን የኑሮ ስሌት እስካላገናዘበ ድረስ ሰሚ አያገኝም።

መዝገብ የሌለው ብልሽት ምን ያህል ሊደበቅ እንደሚችል ታላላቅ አምራቾችም አሳይተዋል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 የማስነሻ ቁልፍ ማብሪያቸው እየተንሸራተተ በጉዞ ላይ ሞተር የሚያጠፋባቸውን ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ለጥገና ጠርቷል። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 የሞት አደጋዎች ከዚህ ጉድለት ጋር መያያዛቸውን ተቀብሏል። ማብሪያው እ.ኤ.አ. በ2006 ተሻሽሎ ሳለ የዕቃው ቁጥር አልተቀየረም፤ በዚህም ምክንያት አሮጌውንና አዲሱን ለይቶ የችግሩን ምንጭ ማግኘት ለመርማሪዎች ከባድ ሆኖ ቆይቷል። የአንዲት ቁጥር አለመጻፍ በዚያ ደረጃ ዋጋ ካስከፈለ፣ ምንም በማይጻፍበት ጋራዥ የሚጠፋው ዕውቀት ቀላል ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ የሚወጣ ካንዴላ በደብተር ላይ አንድ መስመር ይበቃል፤ ቀኑ፣ የዕቃው ምርትና ቁጥር፣ ሲወጣ የነበረው መልክ፣ ቤንዚኑ ከማደያ ይሁን ከጠርሙስ። አሮጌው ካንዴላ በቆርቆሮ ጣሳ ተጠራቅሞ ይቀመጥ። ኮይልና ሲዲአይ የሚፈተሹ ከሆነም ሞተሩ ሲግል ጭምር ይፈተሹ፤ ሲቀዘቅዝ ደኅና መስሎ ሲሞቅ የሚቋረጥ ኮይል በጠዋት ፍተሻ አይገኝምና። ሁለትና ሦስት ጋራዦች ለአንድ ዓመት እንዲህ ቢመዘግቡ የአቧራው ወር ከጥላሸት ጋር፣ የጠርሙስ ቤንዚን ከተለበለበ ጫፍ ጋር ያለው ዝምድና ከግምት ወጥቶ በቁጥር ይታያል።

የጋራዡ ባለቤት ለዚህ ጊዜ የለኝም ቢል ተገቢ መልስ ነው፤ ሥራው መጠገን እንጂ ማጥናት አይደለም። የጎደለውን ድርሻ መሸከም ያለበት ለማጥናት የተቋቋመው ወገን ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለዚህ ቅርብ ናቸው። የሜካኒካል ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ የሞተር ሞዴል ለመመረቂያ ከሚመርጥ ይልቅ የጎብዬን ጋራዦች ጣሳ ቢመረምር፣ ለሞያውም ለሕዝቡም የሚተርፍ ውጤት ያገኛል። ውጤቱም በአማርኛ በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ወደ ጋራዡ ግድግዳ መመለስ አለበት፤ መረጃውን የሰጠው መካኒክ የማያነበው ጥናት ግማሽ ጥናት ነውና።

ጉዳዩ ጊዜ ያለፈበት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ካንዴላ የለውም። ነገር ግን የአዲስ መኪና መግባት መቆም አሮጌውን ከመንገድ አያስወጣውም፤ ይልቁንም ዕድሜውን ያረዝመዋል፣ ጥገናውንም ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጎብዬ ሲደርስም የባትሪና የመቆጣጠሪያ ብልሽት ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚለወጠው ዕቃ እንደ ካንዴላ በርካሽ የሚገኝ አይሆንም። የመመዝገብ ልማድ ዛሬ በርካሹ ዕቃ ካልተጀመረ ነገ በውዱ ዕቃ ላይ መማር ይመጣል፤ የትምህርቱን ክፍያ የሚከፍለውም ያው ባለንብረት ነው።