ስለ ሥዕሉስ ማን ጻፈ?

በኅዳር 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስከዚያ ቀን አፍሪካ ውስጥ የተወለደ የማንም ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ዜናው በአማርኛ ሲናፈስ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» የሚለው ቀደመ፣ ዶላሩ ተከተለ፣ ደስታው ቀለጠ። ርእሱን ከጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ከላንግስተን ሂዩዝ የወሰደው ሥዕል በ2008 የተሠራ መሆኑን፣ የታየውም ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ባወደመቻት በኒው ኦርሊንስ መሆኑን ስንቶቻችን ሰማን?

ገንዘቡስ ቢሆን የማን ነው? ጨረታ ላይ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከሠዓሊው እጅ ከወጣ ዓመታት ያለፉት ሥራ ነው። ትርፉ የሻጩ፣ ኮሚሽኑ የአጫራቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሠዓሊ ከዳግም ሽያጭ ድርሻ የሚያገኝበት የፌደራል ሕግ የለም።

ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977 ቤተሰቧ አገር ለቆ ሚሺጋን ገባ። ይህን ሁሉም ይጽፋል፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ጨረታው ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው የሥራ ዕድሜ ተቆርጦ ይቀራል። ዳካር መማሯ፣ በ1997 ከሮድ አይላንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በማስተርስ መመረቋ፣ ከሁሉም በላይ የእጇ አሠራር። ሸራው ላይ የሕንፃና የከተማ ንድፍ ታሰፍራለች፤ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ታለብሰዋለች፤ ፈግፍጋ ታለሰልሰውና በላዩ እንደገና ትሥላለች። የታችኛው ንድፍ አይጠፋም፣ ይቀበራል እንጂ።

«ሞጋማ» የተሰኙት አራት ሥዕሎች በ2012 ጀርመን ካስል ላይ በዶኩመንታ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ቀረቡ። እያንዳንዳቸው አራት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማሉ። ስማቸው በካይሮ ታህሪር አደባባይ ከቆመውና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከነበረው ግዙፍ ሕንፃ የመጣ ነው። በንብርብሩ ውስጥ ግን የእኛው መስቀል አደባባይም አለ! ንጉሥ ያለፈበት፣ ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎ ሰልፍ ያደረገበት፣ ደመራ የሚበራበት ቦታ ከታህሪር ጋር ተደራርቦ፣ መስመሩ በጥቁር ቀለም እየተዋጠ። ሕዝብ ሲወጣና ሲበተን አደባባይ ምን ይሆናል? ከአማርኛ አንባቢ በላይ ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ማን ነው? እኛ ግን ሒሳቡን ይዘን ቀረን።

ዋጋው ቢያንስ ስሟን አስተዋውቋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ስሟን። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ከሄድን አገር ውስጥ ሆነው ዕድሜያቸውን ለቀለም የሰጡት እንደ ደስታ ሐጎስ ያሉ ሴት ሠዓሊዎች ምን ቦታ ሊኖራቸው ነው? ለራሷ ለጁሊም አይበጅም። በግንቦት 2025 የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነችው የማርሊን ዱማስ ሥዕል 13.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በሪከርድ የጀመረ ኩራት ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም።

የጁሊ ሥራዎች በ2016 አዲስ አበባ መጥተው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ታይተዋል። ፊት ለፊታቸው የቆሙ ሠዓሊዎችና የሥነ ጥበብ መምህራን እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። ቀጣዩ የጨረታ ዜና ሲመጣ፣ ጋዜጠኛው ዶላሩን ወደ ብር ከመመንዘሩ በፊት ለእነሱ ይደውል።