ክብ ነገር ሁሉ ስፒዶሜትር አይደለም!

ሰሞኑን «አሮጌ ሞተር ሳይክል አደስን» የሚሉ ፎቶዎች በዝተዋል። ታንኩ ያበራል፣ ክሮሙ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። መሪው ላይ ያለውን ስፒዶሜትር ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ጉድ ነው! የ1950ዎቹ ትሪያምፍ ላይ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቅጂ ተገጥሟል፣ ቆጣሪው 00000 ይላል፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ «ኦሪጅናል ነው፣ ምንም አልተነካም» ተብሎ ተጽፏል። ኧረ ባካችሁ!

ስፒዶሜትር ጌጥ አይደለም፣ መለኪያ ነው። የመኪና ደላላ ኪሎሜትር አስመልሶ ሲሸጥልን «ሌባ!» ብለን እንጮሃለን። ያው ሥራ በአሮጌ ሞተር ላይ ሲሠራ ግን ስሙ «እድሳት» ይባላል። ለምን?

መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች፣ በቢኤስኤ፣ በኖርተን፣ በትሪያምፍ ላይ፣ በብዛት የምታገኙት የስሚዝስ ሥራ ነው። ፊቱ ላይ «ክሮኖሜትሪክ» የሚል ካያችሁ ውስጡ ሰዓት አለ ማለት ነው። ኬብሉ በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጥራል፣ ቀስቱን እዚያ ላይ ያቆማል፣ እንደገና ይቆጥራል። ስለዚህ ቀስቱ የሚሄደው እየዘለለ ነው። ይኼን የማያውቅ ሰው «ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ጤነኛውን መሣሪያ አውጥቶ ቅጂ ይገጥማል። ስንቱ ደህና ዕቃ በዚህ ሰበብ ቆሻሻ ውስጥ ገባ!

በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጣው ማግኔታዊው ነው፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ «ኤስኤስኤም» ብሎ ይጀምራል። እሱ ውስጥ ማግኔት ይሽከረከራል፣ የአሉሚኒየም ኩባያ ይጎትታል፣ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀስቱ ሳይዘል በልስላሴ ይወጣል። ስለዚህ የ1955 ሞተር ላይ ቀስቱ እንደ ቅቤ የሚንሸራተት ስሚዝስ ካያችሁ ሻጩን «ይኼ ከየት መጣ?» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቀጥሎ ዋናው ነገር፣ ቁጥሩ። በማግኔታዊው ፊት ላይ ከታች በኩል በትንሹ 1600 ተብሎ ታያላችሁ። ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ኬብሉ በአንድ ማይል 1600 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። የኪሎሜትሩ ላይ 1000 ይላል። አሁን አስሉት፤ 1600 ለ1.609 ሲካፈል 994 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም! ስለዚህ «የኪሎሜትሩ በማይሉ ሞተር ላይ አይሠራም» የሚለው ወሬ ብቻ ነው። በአንጻሩ በማይል 1000 ዙር የሚፈልግ የመኪና ዕቃ እዚያው ኬብል ላይ ብትገጥሙ፣ በ50 ስትሄዱ 80 ያሳያችኋል። ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይዋሻል። ሁለቱም ግን ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ያምራሉ።

እንዴት ይታወቃል? ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩት ነው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሰው ተቀምጦበት አንድ ዙር ግፉትና መሬቱን በሜትር ለኩ። ከዚያ የኬብሉን የላይኛ ጫፍ ፈትታችሁ ትንሽ ወረቀት ለጥፉበት፣ ጎማውን 10 ዙር አዙሩ፣ ወረቀቱ ስንቴ እንደዞረ ቁጠሩ። የጎማው ዙር 2 ሜትር ሆኖ ኬብሉ 20 ጊዜ ከዞረ፣ በሜትር አንድ፣ በኪሎሜትር 1000 ነው። አለቀ! ይቺን ለማወቅ ጠመኔና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ያንን ሳያደርግ «በትክክል ገጥሜዋለሁ» የሚል ሰው ገመተ እንጂ አልገጠመም።

ኬብሉንም ግራሶ ስትቀቡት የላይኛውን አንድ ስንዝር ተዉት። ግራሶ እየወጣ ወጥቶ መሣሪያው ውስጥ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ሰዓቱን ይገድለዋል። አንድ ሌላ ነገር፦ በጨለማ እንዲያበራ ተብሎ የተቀባ የድሮ ፊት ካጋጠማችሁ ቀለሙን አትፋቁ፣ እፍ አትበሉበት። አንዳንዱ ራዲየም ነው፤ ለሳንባ አይሆንም።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ ውድ ነው፣ የሚጠግነውም ጥቂት ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ቅጂ መግጠም ነውር ነው አላልኩም። ቅጂውን ግጠሙ፣ ለኩት፣ በስልካችሁ ጂፒኤስ አስተያዩት፣ ከዚያ «ቅጂ ነው» በሉ። ነውሩ ዝም ማለቱ ነው። የቪንሰንት ብላክ ሻዶው ያ ትልቁ፣ እስከ 150 ማይል የሚያሳየው ስፒዶሜትር ስንት ዓይን እንደሚስብ ታውቃላችሁ። ተመሳስሎ የተሠራውን ሰክተው ዋጋውን የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። ገዢው የከፈለው ለታሪክ ነው፣ የተሰጠው ግን ቆርቆሮ።

«ማን ያያል? ዋናው ማማሩ ነው» ለሚለው ግን ትዕግሥት የለኝም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1937 ጀምሮ መንገድ ላይ ለሚወጣ አዲስ ተሽከርካሪ የፍጥነት መለኪያ ግዴታ የሆነው ለማማር አልነበረም። ሰው እንዳይሞት ነው። 80 እየሄድክ 60 የሚልህ መሣሪያ ከሌለው ይብሳል፤ የሌለው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

ቆጣሪውንስ ለምን ወደ ዜሮ ትመልሱታላችሁ? ያቺ ቁጥር የሞተሩ ዕድሜ ናት። ሰው አያቱን ሲያሳክም የልደት ዘመናቸውን ይፍቃል እንዴ? መሣሪያውን የግድ መቀየር ካለባችሁ የድሮውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ከሞተሩ ወረቀት ጋር አስቀምጡ፣ ስትሸጡም አብራችሁ ስጡ። ምንም ወጪ የለውም።

ውጭ አገር ሆናችሁ እነዚህን ሞተሮች የምትገዙ ልጆቼም፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው? ኬብሉ ተለክቷል ወይ? የድሮው ንባብ የት አለ? ሻጩ ከተቆጣ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

በሉ አስተያየታችሁን ጻፉ። የሚከራከረኝ ካለ ደስ ይለኛል፤ ጠመኔና ሜትር ይዞ ይምጣ።