ተከሳሹ መምህርም ጠበቃ ይቁምለት!

እንግዲህ ከመነሻው እንግባባ፡፡ እኛ ተማሪን በጓደኞቹ ፊት «ደደብ» እያለ ለሚያስተምር መምህር የምናዝን ሰዎች አይደለንም፡፡ እዚህ አገር ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፡፡ የፈተና ወረቀት ሲመለስ ከታች ጀምሮ ውጤት እየጠሩ ክፍሉን ማሳቅ፣ «አንተማ ሊስትሮ ነው የምትሆነው» ብሎ ዕጣ ፈንታ መበየን (ሊስትሮው ምን በደለ?)፣ ኮልታፋውን ልጅ አስነስቶ እያስነበቡ አነጋገሩን መድገም፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችውን ልጅ በዘዬዋ ማሸማቀቅ... እንዲህ የተደረገበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም፡፡ ቤት ውስጥም «ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ ሰነፈ እኮ» ይባልለታል፡፡

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 19 የአካል ጥቃትን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጥቃትንም በስሙ ይጠራል፡፡ ስለዚህ «በአፌ ተናገርኩ እንጂ መች መታሁ» ማለት መልስ አይሆንም፡፡ «ዐይኑን ብቻ አደራ» ብሎ ልጁን ለየኔታ ያስረክብ የነበረው አባት ዘመን አልፏል፤ ማለፉም ደግ ነው፡፡

ይህን ካልን በኋላ ብዙ ሰው ወደማይወደው ነገር እንምጣ፡፡ በዚሁ ጥፋት የተከሰሰ መምህር ጠበቃ ይገባዋል፡፡ ጥፋተኛ የሚመስለውም፣ የማይመስለውም፡፡ ደግሞም ነገሩ ካበቃ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ!

ለመሆኑ አንድ መምህር «ልጄን በቃላት ሰበረብኝ» ተብሎ ሲከሰስ ምን ይደረጋል? ወላጅ በቁጣ ይመጣል፡፡ ርዕሰ መምህሩ መምህሩን ከክፍል ያስጠራዋል፡፡ አቤቱታው በጽሑፍ አልቀረበም፣ የተባለው ቃል አልተጠቀሰም፣ ቀኑም አይታወቅም፡፡ «ቲቸር፣ ነገሩ ሳይሰፋ ይቅርታ ጠይቅና እዚህች ላይ ፈርም» ይባላል፡፡ ሰውየው የቤት ኪራዩን እያሰበ ይፈርማል፡፡ ያቺ ፊርማ በማግስቱ የእምነት ቃል ሆና ከፋይሉ ውስጥ ትገኛለች! እስከዚያው ደግሞ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ፎቶውም ተለጥፏል፡፡

አንድ ነገር ልብ በሉ፡፡ ጥፊ ምልክት ይተዋል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ወረቀት ይጻፍበታል፡፡ ቃል ግን ምልክቱ ሌላ ቦታ ነው፡፡ የወንጀል ሕጋችን (የ1996ቱ) በአንቀጽ 576 ልጅን የማሳደግ ወይም የመጠበቅ ኃላፊነት እያለበት ያንገላታን ሰው ቀላል በሆነው ጉዳይ እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ በቃል የሚፈጸም በደል ግን ከየት ጀምሮ ወንጀል እንደሚሆን አብራርቶ አይነግረንም፡፡ እዚያው አንቀጽ ላይ ከሕግ ሳይወጣ ለአስተዳደግ ሲባል የሚሰጥ ተግሣጽ እንደማያስቀጣም ተጽፏል፡፡ ታዲያ «ይህን ጥያቄ ካላጠናህ ትወድቃለህ» ማለት ተግሣጽ ነው በደል? አንድ ቀን ተናዶ «አንተ ሰነፍ» ያለው መምህርና ሦስት ወር ሙሉ አንድን ልጅ እየመረጠ መሳቂያ ያደረገው መምህር በአንድ ሚዛን ይቀመጡ? እኛ አይቀመጡም ባይ ነን፡፡ የሚለያቸው ደግሞ የወላጅ ጩኸት መጠን ወይም የርዕሰ መምህሩ ፍርሃት ሊሆን አይችልም፡፡ የትኛው ቃል፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ጊዜ፣ ማን እየሰማ የሚለው ነው፡፡ ይህን ጥያቄ ሰው ሳያፍር የሚጠይቅ ጠበቃ ነው፡፡

«ጠበቃ ከገባማ ልጄ ተሸነፈ» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባናል፡፡ ምስክሮቹ እኮ ልጆች ናቸው፤ ማርካቸውም በተከሳሹ እጅ ነው፡፡ የ12 ዓመት ልጅ ከሚፈራው ሰው ፊት ቆሞ በጠበቃ ይፋጠጥ የሚል ግን ማንም የለም፡፡ ለሕፃናት ምቹ ችሎት የሚባል ነገር የመጣው ልጁ ተከሳሹን ሳያይ ቃሉን እንዲሰጥ ነው፡፡ ትምህርት ቤቱም ጉዳዩ እስኪጣራ የዚያን ክፍል ፈተና ሌላ መምህር እንዲያርመው ማድረግ ያቅተዋል? ለልጁም የሕግ ሰው ይቁምለት፡፡ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም፣ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አይደሉም፡፡ አንዱን ወገን አፉን አስይዞ ሌላውን መስማት ግን ለልጁም አይጠቅም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን፡፡

መጀመሪያ መንገዶቹን እንለይ፤ መምህራኑ ራሳቸው ሲያምታቷቸው እናያለንና፡፡ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከገቡበት ጉዳዩ ወንጀል ነው፡፡ ያኔ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይመጣል፦ ክሱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ማግኘት፣ እስኪፈረድ ድረስ እንደ ንጹሕ መቆጠር፣ ማስረጃ ማየት፣ ምስክር መጠየቅ፣ በመረጡት ጠበቃ መወከል፡፡ አቅም ላነሰውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችለው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል፤ ቢበዛ 3 ወር በሚያስቀጣ ክስ ይህን ተስፋ አድርጎ የሚቀመጥ መምህር ግን ብዙ ሳይጠብቅ አይቀርም፡፡ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፡፡ እዚያ የሚወሰነው እስር ሳይሆን ደመወዝና ሥራ ነው፤ ክሱ በጽሑፍ ይምጣልኝ ማለት ግን እዚያም ይቻላል፡፡

የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው ጉዱ የሚፈላው፡፡ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፡፡ ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉት ደግሞ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ያበቃል፡፡ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ሠራተኛም 3 ወር ብቻ ነው ያለው፡፡ ሦስት ወር! የኛ መምህር በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል፡፡ ባለቤቱን ያስለምናል፡፡ «ትንሽ ታገሥ፣ ይበርድላቸዋል» ይባላል፤ ይታገሣል፡፡ አራተኛው ወር ላይ ጠበቃ ፍለጋ ሲመጣ ጠበቃው ቀን ይቆጥርና ራሱን ይነቀንቃል፡፡ ሽምግልናን አንጠላም፤ ይርጋን አያቆምም እንጂ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር፡፡ በጠዋት ሰልፍ ላይ ወርሃዊ ክፍያ ያልከፈሉ ልጆች ስም ሲጠራ ያላየ ማነው? ከሰልፍ ወጥተው ለብቻ ሲቆሙ፣ ከክፍል ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ፈተና ሲከለከሉ? ልጅን በአባቱ ኪስ ማዋረድ የስሜት ጥቃት ካልሆነ ምን የስሜት ጥቃት አለ? ስሙን የሚጠራው ግን ማነው? የክፍል ኃላፊው መምህር! ዝርዝሩን ያወጣው ፋይናንስ፣ ትእዛዙን የሰጠው ርዕሰ መምህሩ፡፡ ወላጁ መጥቶ ሲጮህ ተጠያቂው መምህሩ ብቻ ይሆናል፤ «እኛ እንዲህ በል አላልነውም»፡፡ «ደካማ ተማሪዎች» ተብለው በአንድ ክፍል የሚታጎሩትም ልጆች ያው ናቸው፤ ክፍሉን የመሠረተው አስተዳደሩ፣ ስሙን ሲጠራ የተገኘው መምህሩ፡፡

ደህና ጠበቃ እዚህ ቦታ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን አዘዘህ?» ነው፡፡ ሁለተኛው «ትእዛዙ በጽሑፍ አለ? በቴሌግራምስ?»፡፡ ሦስተኛው «በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይዘህ ነበር?»፡፡ አንዳንድ የትምህርት ቤት ባለቤቶች ጠበቃ ሲባል ፊታቸው የሚለዋወጠው ለልጆቹ ተጨንቀው እንዳይመስላችሁ፡፡ መምህሩ ሲናገር የሚወጣው ነገር አለ፡፡ አፉን ዘግቶ ከተሰናበተ ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ መምህር ያንኑ ዝርዝር ይዞ ሰልፍ ላይ ይቆማል፡፡ የልጁ በደል የቀጠለው እኮ መምህሩ ስላልተደመጠ ነው!

ወደ ራሳችን ሙያም እንምጣ፡፡ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች «ተጠርጣሪ» እና «ወንጀለኛ» የሚባሉት ቃላት እንደሚለያዩ በመጀመሪያው ዓመት ተነግሮናል፡፡ ሆኖም የተከሰሰን መምህር ስምና ፎቶ ከነትምህርት ቤቱ የሚያወጣ ሚዲያ ሞልቷል፡፡ መምህሩ ሲታወቅ ክፍሉ ይታወቃል፤ ክፍሉ ሲታወቅ ልጁ ይታወቃል፤ ይህን ማሰብ ያን ያህል ከባድ ነበር? እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የትምህርት ሕግ አለ፡፡ ከ2012 ጀምሮ፣ ተማሪው በወንጀል የጠቆመው መምህር ክስ እስኪመሠረትበት ወይም ፍርድ ቤት እስኪፈቅድ ድረስ ማንነቱን የሚገልጽ ነገር ማተም ክልክል ነው፡፡ እኛ የነፃ ፕሬስ ወዳጆች ነን፤ ሕጉ እንዳለ ይገልበጥ አንልም፡፡ ኤዲተሮቻችን በገዛ ፈቃዳቸው ያንን ያህል ቢታገሡ ግን የሚጎድልባቸው አይታየንም፡፡

መከላከያ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ይህንንም እንናገር፡፡ «ለትምህርቱ ብዬ ነው»፣ «እኛም እንዲሁ ተሰድበን ነው የተማርነው» የሚል መምህር ጠበቃው ፊት ቆሞ ይህን ቢል ጠበቃው ራሱ «ይህን እንዳትደግመው» ነው የሚለው፡፡ አንዳንዱን ጥፋቱን አምኖ እንዲቀጣ የሚመክረው ጠበቃ ነው፡፡ ያለ ክርክር የሚሸኘው ጥፋተኛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ይባልና መልካም የሥራ ልምድ ወረቀት ይጻፍለታል፡፡ መስከረም ላይ ሁለት ሰፈር አልፎ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ኮልታፋ ልጅ ፊት ይቆማል፡፡ ፋይል የለ፣ ውሳኔ የለ፣ የሚያውቅ የለ፡፡

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ ከአባላቱ ደመወዝም መዋጮ ይቆረጣል፡፡ ስለዚህ ጥያቄያችን ለእርሱ ነው፦ ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርታ «እዚህች ላይ ፈርሚ» የተባለች መምህርት ከመፈረሟ በፊት የምትደውልለት የሕግ ባለሙያ ስልክ ቁጥሩ ስንት ነው? የግል ትምህርት ቤት መምህርትስ ከሆነች?