የወላጅን ሕመም የመተርጎም ዕዳ በልጅ ላይ ሊወድቅ አይገባም

የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ያለባቸው እናት፣ በሞት የተለዩአቸው ባለቤታቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ልጃቸውም ቡና እንድታቀርብላቸው ያዝዛሉ። በአሜሪካ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንዲህ ያለው ሁኔታ እንግዳ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የምትተረጉመው ያችው ልጅ ናት። በማኅበረሰቡ ዘንድ የሌለ ነገር ማየት ከእብደት ወይም ከክፉ መንፈስ ጋር ስለሚያያዝ፣ የእናቷን ክብር ለመጠበቅ ስትል «እንቅልፍ አጥተዋል» ብላ ታልፈዋለች።

የተዘለለው ቃል ግን ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ሰዎችን፣ ሕፃናትን ወይም እንስሳትን አጥርቶ ማየት «ሌዊ ቦዲ» የተባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ዋነኛ ምልክት ነው። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ሲሰጧቸው ለከባድ፣ አንዳንዴም ለሕይወት አስጊ ለሆነ ጉዳት ይጋለጣሉ። ቅዠቱ በድንገት የጀመረ ከሆነ ደግሞ መነሻው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጊዜ ከተደረሰበት ሊታከም ይችላል። ሐኪሙ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምን እንደታየና መቼ እንደጀመረ በትክክል ሲነገረው ነው።

ሕጉ አለ። የ2010 የጤና ክብካቤ ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ታካሚው የራሱን አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅንም ይከለክላል። ቤተሰቡ ራሱ ልጁን ይመርጣል የሚል ክርክር ይቀርባል። የልጅ ቦታ ግን የምስክርና የተንከባካቢ ነው። ያየችውን በራሷ አንደበት እንድትናገር፣ የእናቷን ቃል የመተርጎም ሸክም ከላዩዋ መነሳት አለበት።

የተንከባካቢዎች ድጋፍም እንዲሁ ክፍተት አለበት። ሜዲኬር በሐምሌ 2024 የጀመረው የ8 ዓመት «ጋይድ» የሙከራ መርሐ ግብር ለተንከባካቢዎች ሥልጠና፣ የ24 ሰዓት የስልክ ድጋፍ፣ እንዲሁም መስፈርቱን ለሚያሟሉ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የዕረፍት አገልግሎት ይሰጣል። ሆኖም በሜዲኬር አድቫንቴጅ የታቀፉትን አያካትትም። በሥራ ዘመን መብት ያላገኙ የግሪን ካርድ ባለቤቶችም ዕድሜያቸው 65 ቢሞላም፣ ወደ ሜዲኬር ለመግባት 5 ዓመት ያለማቋረጥ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ልጆቻቸው ያስመጧቸው ብዙ ወላጆች በዚህ ክፍተት ውስጥ ይወድቃሉ።

ስለዚህ የሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦

1. በማንኛውም የዲሜንሺያ ምርመራ ብቁ አስተርጓሚ መገኘቱ በታካሚው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፤
2. የ«ጋይድ» ሥልጠናና የስልክ ድጋፍ በአማርኛ እንዲሰጥ፣ መርሐ ግብሩም ለሜዲኬር አድቫንቴጅ አባላት እንዲከፈት፤
3. ክልሎች ሜዲኬር ለሌላቸው አረጋውያን ተንከባካቢዎች የዕረፍት አገልግሎት በጀት እንዲመድቡ።

የማኅበረሰብ ድርጅቶች በበኩላቸው የሌለ ነገር ማየት የሕመም ምልክት እንጂ የቤተሰብ ነውር አለመሆኑን በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር ሊያስተምሩ ይገባል። ሕጉ ቢከበርም እንኳ በኀፍረት የተደበቀ ምልክት ከሐኪሙ ጆሮ አይደርስም።